የኦክ ወለል ያለው ተጎታች ቤት

ኮርትራይት ግቢ፣ ቦታ ቁጥር 9
ኢንዲያና፣ ኖቬምበር 3

ይድረስ ለአባቴ ለቨርሊን ቦንትሬገር፤

እንዴት ሰነበትክ አባዬ? ሳልህ ተሻለህ ወይ? እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ ከመተኛቴ በቀር ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ታመው፣ ለአራት መቶ ልጅ ምሳ የምናቀርበው እኔና አንዲት አሮጊት ብቻ ሆነን ከረምን። ቤት ስገባ እጄ ብዕር አልይዝ ይለኛል።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ ቡናማው የውሃ ምልክት ያለው ካንተ አልጋ በላይ ነው፤ ከእኔ በላይ አይደለም። ያኔ የሰሃን ያህል ነበር፣ አሁን ትሪ አክሏል። ፎቶ የላክሁልህ በዓይንህ እንድታየው ብዬ ነው፤ እዚያ ዋናውን አስቀርተው ኮፒውን ብቻ እንደሚሰጡህ ረስቼው። «ጥቁር ወረቀት ላክሽልኝ፣ ማን ሞቶ ነው?» ያልከውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ማንም አልሞተም፤ ኮርኒሱ ነው።

ጠጋኝ ጠራሽ ወይ ላልከው፣ ደውዬለት ነበር። መጥቶ ለማየት ብቻ ሁለት መቶ ዶላር ይላል። ሳይነካው፣ አይቶ ብቻ! ማየቱንማ እኔም እያየሁት ነው፣ ያውም በየቀኑ፣ ያውም በነፃ። ስለዚህ ሰማያዊ ሸራ ገዝቼ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ጠፍሬ አሰርኩት። አሁን ከሩቅ ሲያዩት የገና ስጦታ ይመስላል።

የአመክሮው ወረቀት ለእኔም ደርሶኛል። የምትገባበት ቤት እስከ ሜይ 20 ታይቶ ካልጸደቀ ፍርድህን እዚያው ትጨርሳለህ ይላል። የአመክሮ ሠራተኛዋ ራሷ መጥታ የምትተኛበትን ቦታ ታያለች። አድራሻ በሚለው ላይ «ቦታ ቁጥር 9» ብዬ ሞላሁ። ሌላ የምሞላው የለኝማ። ያለን ይሄው ሠላሳ ዓመት ያለፈው ተጎታች ነው። እስከ ሜይ መቆም አለበት አባዬ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ። ለአጎቴ ለኧርቪን ብነግራቸውስ?

ልጅህ ትዋይላ


ከወህኒ ቤት፣ ኖቬምበር 26

ለልጄ ለትዋይላ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሳሌ እንዳለ አለ፤ እሱን ተይውና ሸራውን አውልቂው! ይሄ ወረቀት እንደደረሰሽ፣ ኮትሽን ሳታወልቂ ወጥተሽ አውልቂው። ነፋስ ሲያርገበግበው ጣሪያውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ከሥሩ ደግሞ ቤቱ ያልበዋል፣ ላቡ መውጫ ያጣል። ሸራ ያለበሱት ተጎታች የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የተጎታች ጣሪያ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለሌላው ነገር ባታምኚኝ ለዚህ እመኚኝ።

ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርሽ። ውስጡ ያለው እንጨት ያውራ ጣት ውፍረት ያለው ነው፤ እሱም በሚስማር መምቻ ጠመንጃ በሚተኮስ ቀጭን ሚስማር የተያያዘ። እንዳትንቂው። ተጎታች ቤት የሚኖረው በቅለቱ ነው። የሠራነው እንዲጎተት እንጂ እንዲወረስ አይደለም።

አሁን ከአልጋዬ ራስጌ ወዳለው መስኮት ሂጂ። ከመስኮቱ ሥር ግድግዳውን ባውራ ጣትሽ ጫኚው። ጣትሽን ከመለሰው ደህና ነው። እንደ ዳቦ ከገባልሽ ምን ያህል እንደገባ ጻፊልኝ። አትዋሺኝ።

ለኧርቪን ያልሽው አይሞከርም! ተጠምቄ፣ በጋሪ እንጂ በመኪና ለማይሄደው ለአሚሽ የእምነት ማኅበር ቃል ገብቼ፣ ከዚያ ቃሌን ትቼ መኪና ነዳሁ፣ ከማኅበሩ ውጪ የነበረችውን እናትሽንም አገባሁ። ማኅበሩ ሊያወግዘኝ በተሰበሰበ ጊዜ መጀመሪያ ተነስቶ «ይወገዝ» ያለው የገዛ ወንድሜ ነው። አርባ ዓመት ሆነው። እሱ ደጃፍ ላይ ስሜ አይነሳ። ለውጉዝ ለብቻው በሚቀርብ በዚያ ማዕድ ከምቀመጥ በረሃብ ብሞት ይሻለኛል ብዬ ወጥቻለሁ፣ አልመለስበትም።

አባትሽ


ቦታ ቁጥር 9፣ ዲሴምበር 14

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን አለህልኝ? ሸራው ወርዷል። ከሥሩ ያገኘሁት ያልከውን ነው፤ ላብና የብስባሽ ሽታ።

ስለ አውራ ጣቴ ደግሞ «አልገባም» ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ወረቀቱንም ጀምሬው ቀደድኩት። አባዬ፣ እስከ አንጓው ድረስ ገባ። ሳወጣው ውሃ ተከትሎት ወጣ።

እንግዲህ ከጀመርኩ አይቀር የቀረውንም ልንገርህ። ካልጋህ አጠገብ ያለው ወለል ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሲረግጡት ይሰምጣል። ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ጥዬበት ምንጣፍ አልብሼዋለሁ። እየዘለልኩት ነው የማልፈው፤ አሁንማ ለምጄው ሥራ ቦታም ስሄድ እዘላለሁ መሰለኝ፣ አሮጊቷ ትስቅብኛለች። ሳልነግርህ የቆየሁት እዚያ ሆነህ ምንም ላታደርግ ለምን ላሳቅቅህ ብዬ ነው። የግቢው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ቧንቧው በውርጭ እንዳይፈነዳ ዙሪያውን በገለባ እስር ከብቤው ነበር፤ ገለባው ዝናቡን ጠጥቶ አሁን መልሶ ለወለሉ ያጠጣዋል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

አጎቴን ኧርቪንን አላነጋገርኩም። ማለቴ፣ መኖ መሸጫው ደጃፍ ላይ ተገናኝተን ነበር። ያወራነው ስለ አየሩ ብቻ ነው።

በወለሉ ምን ላድርግ? ንገረኝና በእጄ አደርገዋለሁ።

ትዋይላ


ከወህኒ ቤት፣ ጃንዋሪ 11

ለልጄ ለትዋይላ፤

ደብዳቤሽን ኮፒ አድርገው እስኪሰጡኝ ሦስት ሳምንት ሞላ። እኔ የምመልሰው ለዲሴምበሯ ትዋይላ ነው፤ የዛሬዋ ምን እያደረገች እንደሆነ አላውቅም። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

አልቆጣም። መደበቁን ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ።

ገለባውን ከቤቱ አርቂው። ወለሉን በካቻቢቴ እየወጋሽ ደህናው እንጨት የት እንደሚጀምር ፈልጊ፣ የበሰበሰውን እስከዚያ ድረስ ቆርጠሽ አውጪ። ከዚያ ስስ ኮምፔርሳቶ፣ ከትንሿ ጣትሽ የማይወፍር። ከባድ ነገር እንዳታስገቢ! ሻንሲው ዝጎ አልቋል። ከሥሩ ተኝቼ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ አንቺን ላለማስፈራራት ደህና ነው ብዬሽ ነበር። ወይዘሮ ኮርትራይት በየኤፕሪሉ የግቢውን ተጎታቾች ሁሉ በፒካፕ እያስጎተቱ ጎማው አንድ ዙር መዞሩን እንደሚያዩ ታውቂያለሽ። ጎማው ያልዞረ ቤት ተብሎ ይቆጠራል፤ እዚያ ግቢ ደግሞ ቤት ማቆም ክልክል ነው። ስለዚህ ማሰብ ያለብሽ ስለ ዝናቡ ብቻ አይደለም።

ስለ አየሩ ብቻ ነው ያወራነው ትያለሽ። ኧርቪን ጉዳይ ከሌለው ስለ አየር አያወራም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ምን ጠየቀሽ?

አባትሽ


ቦታ ቁጥር 9፣ ፌብሩዋሪ 11

አባዬ፤

እንደምን ከረምክ? ይቅርታ። በይቅርታ ልጀምርና በይቅርታ ልጨርስ ነው መሰለኝ።

አጎቴ የጠየቁኝ «የምትኖሪበት ደረቅ ነው?» ብለው ነው። «ደረቅ ነው» አልኳቸው። የራሰ ጫማዬን ዝቅ ብለው አዩት። ስምህን አላነሳሁም፤ እውነቴን ነው።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 2፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የፈረስ ኮቴ ሰምቼ ብወጣ አሥራ አራት ወንዶች አራት ጋሪ ሙሉ እንጨት ይዘው ቆመዋል። ከአጎቴ መሰንጠቂያ የወጣ፣ ሦስት ዓመት ጥላ ሥር የደረቀ ኦክ! «የምከፍለው የለኝም» አልኳቸው። «ማን ጠየቀሽ?» አሉኝና ኮፍያቸውን አስተካክለው ገቡ። ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ፣ ጎተራ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ የግድግዳውን እንጨት በሁለት ጣቱ ይዞ አውጥቶ «ይሄ ምሰሶ ነው ወይስ የጥርስ ስንጥር?» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። አክስቴ ሎቪና በትልቅ ድስት የዶሮ ኑድል ይዘው መጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም አለቀ። ወለሉ የኦክ ጣውላ ነው፣ ካልጋህ በኩል ያለው ግድግዳ በኦክ ተደግፏል፣ ጣሪያው ለጎተራ የሚሆነው ወፍራም ቆርቆሮ ነው። አሁን ምንም ነገር አልዘልም። ወለሌ ላይ መጨፈር እችላለሁ።

ስምህን ማንም አልጠራም። ግን አጎቴ አልጋህን ለክተው ሲጨርሱ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «ቁመቱ አሁን ስንት ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

በማግስቱ ሲዘንብ ባልዲዬን ይዤ መሃል ቤት ቆሜ ጠበቅሁ። አንዲት ጠብታ የለም። ባልዲውን አቅፌ አለቀስኩ።

«ከባድ ነገር እንዳታስገቢ» ያልከው ደብዳቤ የደረሰኝ እነሱ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ነው። ሳነበው ትንሽ ደነገጥኩ። ግን ይሄ እኮ ኦክ ነው አባዬ። ጥሩ እንጨት ምን ይጎዳል?

ይቅርታ አድርግልኝ።

ትዋይላ


ከወህኒ ቤት፣ ማርች 4

ትዋይላ፤

የጣውላው ውፍረት ስንት ነው? በሩ ይዘጋል? ራቅ ብለሽ ከጎን ስታዪው ጣሪያው መሃሉ ላይ ጎብጧል?

ጥሩ እንጨት ምን ይጎዳል ብለሻል። ልንገርሽ። ኧርቪን ጎተራ ያውቃል። ጎተራ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በከበደ ቁጥር ይጠነክራል። ያንቺ ቤት ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ እነሱም ዝገው አልቀዋል። ባሌስትራው የተሠራው ለስንጥር ነው። ያ ልጅ ሊቀልድ ፈልጎ እውነቱን ተናግሯል፤ ስንጥር ነው፣ እኛም ስንጥር ያደረግነው አውቀን ነው።

ስለ ኧርቪን አልተቆጣሁም። ልቆጣ ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ አልመጣልኝም። ቁመቴን ጠየቀ? ስድስት ጫማ ነበር በይው። አሁን አጥሬያለሁ።

እባክሽ ልጄ፣ ቆርቆሮውን አስነሺው። ከኤፕሪል በፊት ወለሉንም አስነሺው። ተጎታቹን እንዳያስጎትቱት ወይዘሮ ኮርትራይትን ለምኛቸው። እግራቸው ላይ ወድቀሽም ቢሆን ለምኛቸው። እኔ እዚህ ተቀምጬ ከጣውላ ውፍረት ጋር እታገላለሁ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ እንዲህ ያምማል ብዬ አላውቅም ነበር።

አባትሽ


ቦታ ቁጥር 9፣ ማርች 24

ይድረስ ለአባቴ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ጤናህስ እንዴት ነው? የጠየቅከውን ሁሉ አየሁ። ጣውላው የሁለት ጣት ውፍረት አለው። ጣሪያው ትንሽ ጎብጧል፤ ትንሽ ነው ልልህ እችላለሁ፣ ግን እያየሁት ነው የምጽፍልህ። በሩ እስካለፈው ሳምንት ድረስ በትከሻዬ ከፍ ሳደርገው ይዘጋ ነበር። አሁን በገመድ ነው የማስረው።

አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምነግራቸው ሳጠና ሄድኩ። እርሳቸው ከመሰንጠቂያው ወጥተው፣ ፊታቸው በእንጨት ብናኝ ነጭ ሆኖ፣ «ወለሉ እንዴት ነው?» አሉኝ። አባዬ፣ አንተስ ብትሆን ምን ትል ነበር? አሥራ አራት ሰው አንድ ቀን ሙሉ በነፃ ያለበሰህን ልብስ «ከበደኝ፣ መጥታችሁ አውልቁልኝ» ይባላል? እንደምንም ብዬ «አባቴ ከባድ ነው ይላል» አልኩ። «ቨርሊን ድሮም ቀላል ነገር ይወዳል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

ወይዘሮ ኮርትራይትንም ለመንኳቸው። «ያንቺን ብተው የጎረቤትሽን እንዴት አስጎትታለሁ? የወረዳው ሰው ቢመጣ ግቢዬን ይዘጋዋል፤ አዝናለሁ የኔ ልጅ» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ማዘናቸው እውነት ነው፤ ግን ምንም አይለውጥም። ኤፕሪል 6፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ያስጠጋሁት ክሪክ መሬት ውስጥ ሰመጠ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አንተ የምታውቀው ካለ ጻፍልኝ፤ እንደማይደርስ ባውቅም ጻፍልኝ።

ትዋይላ


በአጎቴ እርሻ፣ ኤፕሪል 10

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ሳልህስ? ዛሬ እዚህ ፀሐይ ናት። ማሳው ገና ጭቃ ነው፣ ፈረሶቹ እስከ ጉልበታቸው ጠቁረዋል። አክስቴ ሎቪና የፖም ማርማላታ ሰጥተውኛል፤ ላንተ ልልክልህ ብፈልግ እዚያ አያስገቡም አሉኝ። የሥራ ቦታዬ ሴቶች ድነው ተመልሰዋል።

ጎማው ዞረ ወይ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። እየመጣሁበት ነው።

ማንም አልተጎዳም። አስቀድሜ ይሄን እወቅልኝ። እኔ ውጪ ነበርኩ፣ ፒካፑን የነዳውም ጎረቤቴ ደህና ነው፤ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ምንም ሳያጠፋ። ወይዘሮ ኮርትራይት አለቀሱ። ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር አልነግርህም፤ ሆድ ይፍጀው። ወለሉ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ከወለሉ በታች የነበረው ሁሉ ግን፣ ሻንሲውም ጎማውም፣ ሲጎተት ተሰባብሮ አሁን የለም።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ዙሪያውን ሲሄዱ ቆዩና «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አሉ። «አይደለም» ልላቸው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ሰኞ ጠዋት ከሰዎቻቸው ጋር መጥተው፣ ከሥሩ ግንድ እያስገቡ አንስተው፣ ግንድ መጫኛ ጋሪያቸው ላይ ጭነው በስምንት ፈረስ ወደ እርሻቸው ወሰዱት። አሁን ከመሰንጠቂያው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቦታ ቁጥር 9 ባዶ ሆነ። ለአመክሮ ሠራተኛዋም ነግሬያለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አጎቴ «እዚህ ጎማ የሚጠይቅ የለም፤ አድራሻውን የእኔን ይስጥ» ብለዋል። ሠራተኛዋ ሜይ 16 እርሻውን ለማየት ተስማምታለች። ካለፈች ትመጣለህ። ነገር ግን ውግዘቱ አልተነሳም። ተንበርክኮ ንስሐ መግባቱ በእሱና በፈጣሪ መካከል ነው አሉ፤ ማዕዱን ግን እኔ ልለውጠው አልችልም አሉ። ከእኛ ጋር አንድ ጠረጴዛ አይበላም፣ ግድግዳው ጥግ ትንሽ ጠረጴዛ ይቀርብለታል። ይሄን ሲነግሩኝ አይተውኝ አልነበረም፤ የሚያዩት እጃቸውን ነበር።

በዚያ ማዕድ ከምቀመጥ ብሞት ይሻለኛል ያልከውን አልረሳሁም። ማስገደድ አልፈልግም። ግን ሌላ የለኝም፣ አባዬ። ቶሎ ጻፍልኝ።

ትዋይላ


ከወህኒ ቤት፣ ኤፕሪል 29

ለልጄ ለትዋይላ፤

እሺ በይው።

ይሄን ብቻ ጽፌ ልልክ ነበር፤ ደግሞ አጉል የተኮራሁ እንዳይመስለው ልጨምርበት። የምኮራበት ነገር አልቀረኝም። ሰክሬ ነድቼ ሰው ያጎደልኩ ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስበላ የኖርኩ፣ የወንድሜን ትንሽ ጠረጴዛ የምንቀው ማን ሆኜ ነው? ግድግዳ ጥግ ያድርገው። ቢፈልግ ደጅ ያድርገው። እመጣለሁ በይው።

ድምፁን እንኳን አልነገርሽኝ። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ ስንፈትናቸው እንሰማው ነበር። እሱ አይደለም የሰበረው በይው። ሻንሲው መዛጉን እያወቅሁ ደህና ነው ብዬ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።

ፈራሁ፣ ትዋይላ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ አልፈራሁም። እንደማልገባ ሳይሆን እንደምገባ ሳስብ ነው የምፈራው። ምን ብዬ በራፉን አንኳኳለሁ?

አባትሽ


በአጎቴ እርሻ፣ ሜይ 17

አባዬ፤

እንደምን አለህ? ደብዳቤህን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። አቋርጠውኝ ወደ ፈረሶቹ ሄዱ፤ ሲመለሱ «ያንን መስመር ድገሚው» አሉኝ። የትኛውን እንደሆነ አልነገሩኝም። ሁሉንም ደገምኩላቸው።

ሠራተኛዋ ትላንት መጣች። ደህና ሴት ናት። ወለሉን ረገጠችው፣ «እንዲህ ያለ ወለል አይቼ አላውቅም» አለች። አልጋህ ላይ ተቀመጠች። ጣሪያውን አየች። ከዚያ ግድግዳውን በዓይኗ ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ ካልጋው ሥርም አየች። ምን እንደምትፈልግ ገባኝ። ሶኬት ነው የምትፈልገው።

በአመክሮ ስትወጣ እግርህ ላይ የሚታሰረው መቆጣጠሪያ በየቀኑ በኤሌክትሪክ መሞላት አለበት። የአጎቴ ሰዎች ደግሞ የመብራት መስመር አያስገቡም። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። አንተም፣ እኔም፣ አጎቴም ዕድሜያችንን ሙሉ ስናውቀው የኖርነው ነገር ነው፤ አንዳችንም አላሰብነውም። ስለ ወለል ስናስብ፣ ስለ ጠረጴዛ ስናስብ። በፋኖስ ብርሃን ስጽፍልህ እንኳን ትዝ አላለኝም። «ከመሰንጠቂያው ባትሪ እንሞላዋለን» አልኳት። ወረቀቷን ገልጣ አሳየችኝ፤ ቋሚ መስመር ነው የሚለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አጎቴ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩን ሰበሰቡ። እኔ አልገባሁም፣ አክስቴ ሎቪና ናቸው የነገሩኝ። አጎቴ ብቻቸውን ቆመው ለአንድ ሰው እግር አንድ ሽቦ ብቻ እንዲፈቀድ ጠየቁ። ለራሳቸው ምንም ጠይቀው የማያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ለእግር፣ ነገ ለራዲዮ» አሉ። አልተፈቀደም።

ስለዚህ እስከ መጪው ዓመት ኦክቶበር እዚያው ነህ። ያኔ ፍርድህ ስለሚያልቅ እግርህ ላይ ምንም አይታሰርም፤ ሶኬትም አያስፈልግም። አሥራ ሰባት ወር ነው። ልጽፍልህ የማልፈልገው ይሄ ነበር፣ ጻፍኩት።

እኔ እዚሁ ነኝ። የምበላው በአጎቴ ቤት ነው። አክስቴ አንቺ አልተወገዝሽም፣ ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ነዪ ይሉኛል። እኔ ግን ላንተ በቀረበችው በትንሿ ነው የምቀመጠው፤ ባዶዋን ሳያት አልችልም።

ቤቱ አያፈስም። በሩ ይዘጋል። ወለሉ ደረቅ ነው። ከዚህ በፊት የምጠይቅህ አጥቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን የምጠይቅህ የለኝም አባዬ። ምን ብዬ እንደምጽፍልህ አላውቅም።

ትዋይላ


ከወህኒ ቤት፣ ጁን 7

ለልጄ ለትዋይላ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ቀን ግድግዳ ሳይ ዋልኩ፤ ከዚያ የሚታየውም አለቀ።

ኧርቪንን «ብቻህን መቆምህን ወንድምህ ሰምቷል» በይው። ሌላ አትጨምሪበት።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አነበብኳቸው። ሳሌን ጠይቀሻል፣ ጤናዬን ጠይቀሻል፣ በእያንዳንዱ ላይ። እኔ የጠየቅሁሽ ጣሪያ ነው፣ ጣውላ ነው፣ በር ነው። ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው የምተኛው ብለሽኝ ስለ ሸራ ጻፍኩልሽ። ለአራት መቶ ልጅ ከአንዲት አሮጊት ጋር ብቻ ስታበስይ እንደከረምሽ ነግረሽኝ አንዲት ቃል አልመለስኩም። እንጨት ስለማውቅ ነው ስለ እንጨት የምጠይቅሽ። ልጅ ማሳደግ አላውቅም ነበርና ስለሱ መጠየቅ አፈርኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመትሽ ነው። ምን እንደምትወጂ አላውቅም።

ከትንሿ ጠረጴዛ ተነሺ። ቦታዬን የሚወስድብኝ የለም፣ ለእሱ ጠባቂ አያስፈልገውም። ያ የእኔ ነው፣ እኔ ራሴ መጥቼ እቀመጥበታለሁ። አንቺ ወደ ትልቁ ሂጂ፣ ከሰው ጋር ብዪ። ከዚህ ሆኜ ላደርግልሽ የምችለው ሌላ ምንም የለም። ይሄን አድርጊልኝ።

እና ጻፊልኝ። ዛሬ ምን በላሽ? ከጎንሽስ ማን ተቀምጦ ነበር?

አባትሽ ቨርሊን